ታማኝ ሰው ያወጣው ዕጣ

ለሰማም ላልሰማም ይታወቅ ዘንድ፦ በታች ጋይንት ወረዳ፣ ከአርብ ገበያ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ በምትርቀው በወይራ አምባ መንደር፣ በቅበላው ሳምንት እሑድ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በአቶ ተሻገር መልካሙ ቤት አንድ በግ ታርዶ ተበላ።

በዚያ ሳምንት በወይራ አምባ በግ ያልታረደበት ቤት ቢፈለግ የመምህሩ ቤት ብቻ ይገኝ ይሆናል፤ እሱም ዶሮ ነበረው። ከፊት ሃምሳ አምስት ቀን ጾም ቆሟል። ስለዚህ የተሻገር በግ መበላት ወሬ መሆን አልነበረበትም። ግን ሆነ። እስከ አርብ ገበያ ደርሶ ሰው ጨው እየገዛ ያወራው ወሬ ሆነ። ምክንያቱም በጉ የቶምቦላ በግ ነበር።

ነገሩ ከውኃ ይጀምራል። የመንደሩ የእጅ ፓምፕ ከኅዳር ጀምሮ ሥራ አቁሟል። እጀታውን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት እንደ በሽተኛ ያቃስታል እንጂ ውኃ አይሰጥም። ውስጡ ያለው ዘንግ ተሰብሯል፤ ዘንጉን ለመቀየር ባለሙያውም ዕቃውም ከንፋስ መውጫ መምጣት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ መዋጮ ያስፈልጋል። እስከዚያው የወይራ አምባ ሴቶች ጀሪካናቸውን አዝለው ገደሉን ወርደው ከወንዝ ይቀዳሉ። መውረዱ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የመውጣቱን ሰዓት የጠየቀ ወንድ እስካሁን አልተገኘም።

የውኃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ተሻገር ነው። የተመረጠው ታማኝ ስለሆነ ነው፤ ይህም ሐሰት አይደለም። የጠፋ በሬ ቢያገኝ ባለቤቱን ፍለጋ ሦስት ቀን የሚዞር፣ በገበያ የተሰጠው መልስ በአንዲት ብር ቢበልጥ ተመልሶ የሚሄድ ሰው ነው። ታማኝ መሆኑንም ያውቃል። ትንሽ አብዝቶ ያውቃል ቢባል ሐሜት አይሆንም።

መዋጮው አልሰበሰብ ሲል ቶምቦላ ይሁን ያለው እሱ ነው። ከውኃ ኮሚቴው ገንዘብ አንድ በግ ተገዝቶ በተሻገር ግቢ ታሰረ። ተሻገር ከደብተር ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ ዕጣ አዘጋጀ፤ የገዛው ሰው ስሙ ይጻፍበታል፣ ወረቀቱም ታጥፎ ይቀመጣል። ስንት ወረቀት እንደተቆረጠ፣ ስንቱ እንደተሸጠ፣ ስንቱ እንደተረፈ የተጻፈ ነገር አልነበረም። የደብሩ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አገኙትና ለስለስ አድርገው ጠየቁት።

«ልጄ ተሻገር፣ ይህን ወረቀት የሚቆጥር አንድ ሁለት ሰው ብታስቀምጥ አይሻልም?»

«መሪጌታ፣ እኔ እያለሁ?» አለ ተሻገር።

«አንተ ስላለህ ነው እንጂ፣ አንተ ባትኖር ምን እንቆጥራለን» አሉ መሪጌታ። ተሻገር ግን ይህን እንደ ምርቃት ሰማው።

ዕጣው የሚወጣበት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ተሻገር ባርኔጣውን አውልቆ ወረቀቶቹን ሁሉ ጨመረ። ራሱ ነቀነቀው። ያያል እንዳይባል ዓይኑን ጨፍኖ ራሱ እጁን ሰደደ። ራሱ አንዱን አወጣ፣ ራሱ ከፈተ፣ ራሱ አነበበ።

«እናትነሽ ጥበቡ።»

በወይራ አምባ እናትነሽ ጥበቡ የምትባል አንዲት ሴት ብቻ አለች። እሷም የተሻገር ሚስት ናት።

ከፊት የቆመው አያሌው፣ የተሻገር የማሳ ጎረቤት፣ ነገር ከአፉ የማይጠፋ ሰው፣ ዱላውን ከትከሻው አውርዶ ተመረኮዘና እንዲህ አለ፦

«ጥሩ ነው። በጉ መንገድ አይበዛበትም።»

ተሻገር ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋና ሚስቱን አፈጠጠባት።

«ማን ግዢ አለሽ?»

«ማን አትግዢ አለኝ?» አለች እናትነሽ። «ውኃውን አዝዬ የምወጣው እኔ ነኝ። እንቁላል ሸጬ ከሌላው የኮሚቴ ሰው አንድ ወረቀት ገዛሁ። እንደ ሰው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ በነፃ ውሰጂ ትላለህ ብዬ ፈራሁ» አለችና ሳቋን ለመደበቅ ወደ ምድጃው ዞረች። ከዚያ ግን ፊቷን መልሳ፣ «ይልቅ በጉን ነገ መልስላቸው። እንደገና ይውጣ» አለችው።

«እመልሳለሁ? የሚመልስ የሰረቀ ነው!» አለ ተሻገር። «ሳልሰርቅ ከመለስኩ ሰረቅሁ ማለቴ ነው። ታርዶ ይበላል። በቀን፣ በር ተከፍቶ፣ ሰው እያየ ይበላል።»

እንዲህ ሆኖ ነው በጉ የተበላው። ተሻገር እያንዳንዷን ጉርሻ እንደ መሐላ እየዋጠ በላ። በሩን ወለል አድርጎ ስለከፈተው የሚያልፍ ሁሉ አየ፤ ያየ ሁሉ ለጎረቤቱ ነገረ። ለእውነተኛነቱ ማስረጃ ይሆናል ብሎ የበላው በግ፣ የመንደሩ ሰው እንዳየው፣ የጥፋቱ ማስረጃ ሆኖ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጾም ለተሻገር ከሌላው ሰው ጾም ይልቅ ረዥም ነበር። በመንገድ ሲያልፍ ከአጥር ጀርባ «ባዓዓ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ዞር ሲል ያጎነበሰ አራሚ ብቻ ያያል። አያሌውማ ጭራሽ አልተደበቀም። ሲያገኘው ባርኔጣውን ከፍ ያደርግና፣ «ተሻገር፣ እንደምን ሰነበትክ? በጉስ ደህና ነው?» ይለዋል። መሣቂያ መሆኑስ ይቻል ነበር። ያልተቻለው ሌላው ነው። የቶምቦላው ገንዘብ ለጥገናው ስላልበቃ ተጨማሪ መሰብሰብ ነበረበት፤ አሁን ግን ተሻገር እጁን ሲዘረጋ የሚሰጥ ጠፋ። እጁን የሚመለከት ብቻ በዛ። ፓምፑ እንደቆመ ቀረ። ሴቶቹም ከገደሉ ሲወጡ ደጁ ላይ ሲደርሱ ሆን ብለው ያርፋሉ፤ ጀሪካናቸውን አውርደው፣ «ውይ፣ ወገቤ!» ይላሉ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብለው። ከመካከላቸው አንዷ የገዛ ሚስቱ ናት።

በጾሙ አጋማሽ፣ አንድ ዓርብ፣ ተሻገር አርብ ገበያ ወርዶ ገብስ ሸጦ ሲመለስ ሎተሪ አዟሪው ደስታ ጠራው። ደስታ ዓርብ ዓርብ ከንፋስ መውጫ በሚኒባስ የሚመጣ ወጣት ነው፤ ቲኬቶቹን በካርቶን ላይ ደርድሮ በአንገቱ አንጠልጥሎ ይዞራል።

«ጋሼ ተሻገር፣ አንድ ይሞክሩ። እርስዎን እንደሆነ ዕድል ይወድዎታል አሉ።»

ወሬው እዚህም ደርሷል። ተሻገር ቆመና፣ «የእናንተስ ዕጣ ሲወጣ ሰው እንዲህ ያሾፋል?» ብሎ ጠየቀው።

«ምን ብሎ ያሾፋል? ሕዝብ ፊት ነው የሚወጣው። መንኮራኩሩ ይሽከረከራል፣ ቁጥሩ አንድ በአንድ ይታያል፣ ታዛቢ አለ።» ደስታ ገዢ ስላልነበረው ወሬውን አስረዘመ። «ይህቺስ ምን አላት! በውጭ አገር ቁጥር የተጻፈባቸው ኳሶች ናቸው የሚወጡት። ታዲያ ከዕጣው በፊት ኳሶቹ አንድ በአንድ በሚዛን ይመዘናሉ።»

«ኳስ ይመዘናል? ለምን?»

«ከባዱ ከሥር እንዳይቀር፣ ቀላሉ ቀድሞ እንዳይወጣ። ደግሞ የሎተሪው ሠራተኛ ቲኬት እንዳይገዛ የሚከለክሉ አገሮች አሉ። እሱ ብቻ አይደለም፤ ሚስቱም፣ ልጁም፣ በአንድ ጣራ ሥር ያለ ሁሉ አይገዛም። ለልጅ መሸጥማ በብዙ አገር ያስቀጣል። እኛም ጋ ቢሆን ቶምቦላ ያለ ፈቃድ አይሠራም፤ እርስዎ ፈቃድ ነበረዎት?»

«ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው?»

«የማልሸጥበት ሰዓት ይበዛል፣ ስልኬ ላይ አነባለሁ።»

ተሻገር ራሱን ነቀነቀ። ለእነዚያ አገሮች ከልቡ አዘነላቸው። «ሰው ታማኝ ሲያጣ እንዲህ ይሆናል» አለ። «ምን ያለ አገር ነው እቴ፣ ኳስ የሚጠረጥር! ደንብ የሌባ ልጓም ነው። እኔ ለምን እለጎማለሁ?»

ደስታ መልስ ሊሰጥ ሲል ገዢ መጣበት። ተሻገርም ወደ ወይራ አምባ ሄደ፤ መንገዱን ሁሉ ስለሚመዘን ኳስ እያሰበ።

ፋሲካ ደረሰ። አሥራ ሁለት አባወራ ሆነው በየዓመቱ የሚገቡበት የበሬ ቅርጫ አለ፤ ተሻገርን አላስወጡትም። ይቅር ብለውት አልነበረም፤ በሱ ቦታ የሚገባ አሥራ ሦስተኛ ሰው ጠፍቶ ነው። በሬውን የሚመድቡት አያ ቸሬ ናቸው፣ በዚህ ሥራ ያረጁ ሽማግሌ። በፋሲካ ጠዋት ከሜዳው ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጎዝጉዞ ሥጋው አሥራ ሁለት መደብ ተደረገ። አያ ቸሬ ከዚህ አንሥተው እዚያ ይጨምራሉ፣ ራቅ ብለው ያያሉ፣ ተመልሰው ከጉበቷ ጣት የምታህል ቆርጠው ያዛውራሉ። ሲጨርሱ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ዕጣ ሰጠ፤ አንዱ አዝራር፣ አንዱ የክብሪት እንጨት፣ አንዱ የተሰበረ ቁልፍ፣ ተሻገር አንዲት የባቄላ ፍሬ። አያ ቸሬ ዕጣዎቹን በቆባቸው ሰብስበው መንገድ መንገዱን ያዩ ጀመር።

ተሻገር ርቦታል። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው ነው። «አያ ቸሬ፣ አንቱን ማን ይጠረጥራል?» አላቸው። «ለምን ራስዎ አያስቀምጡትም?»

«መንገደኛ እስኪመጣ ነው።»

«በፋሲካ ምን መንገደኛ አለ? አንቱ እያሉ!»

አያ ቸሬ ቢላቸውን በቅጠል ጠረጉ። «ስማ ተሻገር። ሠላሳ ዓመት ሥጋ መድቤያለሁ፣ አንድ ቀን ሌባ ተብዬ አላውቅም። ለምን ይመስልሃል?»

«ታማኝ ስለሆኑ ነዋ።»

«እሱን እንኳ እኔም አላውቀው» አሉ አያ ቸሬ። «ለመስረቅ አንድ ቀን ፋታ ሰጥተውኝ አያውቁም። ስመድብ የትኛው ለእኔ እንደሚደርስ አላውቅም፤ ስለዚህ እኩል አደርጋለሁ። ሲደለደል እጄ የለበትም፤ ስለዚህ ሰው ምሳውን በሰላም ይበላል። ታማኝነቴ ለንስሓ አባቴ ነው የሚጠቅመው። ለቅርጫ መንገደኛ ይበልጣል።»

ይህን ሲሉ አንድ ሰው ለአማቹ ድፎ ዳቦ ይዞ ብቅ አለ። ጠሩት። ዳቦውን አስቀምጦ፣ የማን የማን እንደሆነ የማያውቃቸውን አዝራርና ቁልፍ እየወሰደ በየመደቡ ላይ ጣለ። የተሻገር ባቄላ ሁሉም ሲያይዋት በነበረችው መደብ ላይ አረፈች። አያ ቸሬ የቱንም ያህል እኩል ቢያደርጉ ሻኛው የሚገባባት አንዲት መደብ ሁልጊዜ አለች፤ እሷ ናት።

ተሻገር ደነገጠ። ትከሻውን ሰብስቦ ያንን ድምፅ ጠበቀ። «ባዓዓ» የሚል አልተሰማም። ዞሮ አያሌውን አየው። አያሌው የራሱን መደብ በቅርጫት እየከተተ ነው።

«አያሌው፣ ምን አትልም እንዴ?»

«ምን ልበል?»

«ሻኛው ደረሰኝ እኮ!»

«ደረሰህ። ዕድልህ ነው፤ ብላ» አለ አያሌው። «ያስቀመጠው ሰውዬ አያውቅህ፣ አታውቀው። ምን ብዬ ልማህ? ሐሜትም እኮ መያዣ ይፈልጋል።»

ተሻገር ሥጋውን ተሸክሞ ቤቱ ገባ፤ እናትነሽ ጠብሳ ብታቀርብለት ግን አልቀመሰውም። እናትነሽ ግራ ገባት። እሱ ግን በጉንና ሻኛውን በልቡ ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመለከት ነበር። ዕድሉ ያው ነው። ሰውየውም ያው ነው። ያን ጊዜ ሌባ አሉት፣ ዛሬ ብላ አሉት። በመካከል ያለው ልዩነት ድፎ ዳቦ የያዘ መንገደኛ ብቻ ነው።

«እናትነሽ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ሌባ ደንብ ምን ያደርግለታል? የሰረቀውን ይዞ ይሄዳል። ደንብ ያስፈለገው ለእኔ ነበር።»

«እኔስ መልስላቸው ብዬ አልነበር?» አለች እናትነሽ። «አሁን ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

በሳምንቱ ተሻገር ሕዝቡን ከዋርካው ሥር አስጠራ። ምን እንደሚል ለመስማት ብቻ የመጣው ሰው ብዙ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«በጉን አልሰረቅሁም። ይህን ዛሬም እላለሁ» አለ። «ነገር ግን አለመስረቄን የምታውቁበትን መንገድ እኔው በእጄ ዘጋሁት። ወረቀቱን እኔ ቆረጥኩ፣ እኔ ነቀነቅሁ፣ እኔ አወጣሁ፤ ‹እኔ እያለሁ› አልኩ። ጥፋቴ ያ ነው። የሕዝብ ነገር የያዘ ሰው እመኑኝ ማለት የለበትም፤ እዩኝ ነው ማለት ያለበት። አሁን ቶምቦላው እንደገና ይደረጋል። ሽልማቱ ከሦስቱ ጊደሮቼ አንዷ ናት፣ ከኪሴ። በፈቃድ፣ በደንብ፣ በሰው ፊት ይሆናል።»

«ታዲያ ጊደሯ የበጉ ካሣ ናት?» አለ አያሌው።

«የፈለግኸውን ስም ስጣት፤ ስሙ ወተቷን አያበላሸውም» አለ ተሻገር። ሰው ሳቀ። በተሻገር ሳይሆን ከተሻገር ጋር ሲስቅ ከቅበላ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ወይራ አምባ ያየችው ደንብ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። ማመልከቻው ከደስታ ጋር ተጻፈ፤ ወደሚመለከተው ሄዶ፣ ጥቂት ጠፍቶ፣ ተገኝቶ፣ ማኅተም ይዞ ተመለሰ። አያሌው ማኅተሙን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየና እውነተኛ ነው አለ። ቲኬቱ ከነጉርዱ ታተመ፤ ከዜሮ ዜሮ ዜሮ እስከ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ። ያልተሸጠው በዕለቱ በሕዝብ ፊት ይቃጠላል፤ ካልተሸጠው ቢወጣ ዕጣው ይደገማል። የኮሚቴ አባል አይገዛም፣ ሚስቱም አትገዛም። እናትነሽ ይህን ስትሰማ፣ «ውኃ መቅዳትስ ይከለከልልኛል?» አለች።

ከሁሉ የከበደው የድንቹ ነገር ነው። ተሻገር የሚመዘነው ኳስ ከልቡ አልወጣለትም ነበር። በወይራ አምባ ኳስ የለም፤ ድንች ግን ሞልቷል። አሥር ድንች ተመርጦ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ቁጥር ይጻፍበታል፣ ከጆንያ ሦስት ጊዜ ይወጣል፤ የወጣው ድንች በየጊዜው ወደ ጆንያው ይመለሳል። ታዲያ ድንቾቹ እኩል መሆን አለባቸው። ተሻገርና መሪጌታ ቀለመ ወርቅ አንድ ዓርብ ሙሉ ቀን ከአንዲት ነጋዴ ሚዛን ፊት ተቀምጠው ድንች ሲያወጡና ሲያወርዱ ዋሉ። ሁለት ኩንታል አገላብጠው ስድስት እኩል ድንች አገኙ፤ አራቱን መሪጌታ በቢላ እየላጡ አስተካከሉ።

ነጋዴዋ ትዕግሥቷ አለቀ። «አባቴ፣ ይህን ድንች ልትገዙት ነው ወይስ ልትድሩት?»

«ፍትሕ ነው፣ ልጄ» አሉ መሪጌታ፣ አንዱን ድንች ከዓይናቸው አስጠግተው።

ቲኬቱ ተሸጠ። በወይራ አምባም በአርብ ገበያም ተሸጠ። አንድ ቀን እሱባለው የሚባል ጎልማሳ በጥድፊያ መጥቶ ሃያ ስጠኝ አለው ተሻገርን። ገንዘቡን ከየት እንዳመጣ ሲጠይቀው ለዘር ካስቀመጠው ገብስ እንደሚሸጥ ነገረው።

«ለአንድ ሰው ከሁለት በላይ አይሸጥም» አለ ተሻገር።

«ለልማት ነው እኮ!»

«ለልማት ከሆነ ሁለት ይበቃል። ለጊደሯ ከሆነ ደግሞ ገብስህን ሂድና ዝራው። እዚህ ከሺህ አንድ ሰው ነው የሚደርሰው፤ ማሳህ ላይ ከሺህ ፍሬ ስንት እንደሚበቅል አንተ ታውቃለህ።» እሱባለው ተቆጥቶ ሁለት ብቻ ገዝቶ ሄደ። ገብሱ ግን በጎተራው ቀረ።

«ለልማት» ያለው እሱባለው ብቻ አልነበረም። ሁሉም ሰው ለልማት ነው የገዛው። ለጊደሯ የገዛ አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። በግንቦት መጨረሻ ባለሙያው ዘንጉን ይዞ መጥቶ ፓምፑ ረቡዕ ዕለት ውኃ ሲያፈስማ፣ ሴቶቹ እልል ብለው ሲረጫጩ፣ የሰው ልግስና ወሰን አጣ።

«ውኃው ከመጣልን ጊደሯ ምን ታደርግልናለች?» አለ አንዱ።

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ፣ «እኔ ለበረከት ነው የወሰድኩት። ቁጥሩን አይቼውም አላውቅ» አሉ።

አያሌው ደግሞ፣ «የኔንስ ባለፈው ፍየል በላችው። ቅር አላለኝም፤ እሷም ወይራ አምባ ነው የምትኖረው» አለ።

እንግዲህ ጊደሯን የሚፈልግ ሰው ስለሌለ፣ እሑድ ዕለት ዕጣው ሲወጣ ማንም ይመጣል ተብሎ አልተጠበቀም። መጡ። ገና ቅዳሴው ሳያልቅ ዋርካው ሥር ቦታ ጠፋ፤ ከአርብ ገበያ ሳይቀር መጡ። «መንገድ አሳለፈኝ» ነበር ሁሉም የሚለው። ጊደሯ በሽልማትነቷ አንገቷ ላይ ሪባን ታስሮላት ሪባኑን ለመብላት ትታገል ነበር።

ያልተሸጡት ጥቂት ቲኬቶች ተቃጠሉ። አያሌው ድንቾቹን ሁለት ሁለቱን በእጁ እየመዘነ አየና ለጆንያው ፈቀደ። ዕጣውን የሚያወጣ መንገደኛ ተጠበቀ። ከስማዳ በኩል ጌሾ በአህያ የጫነች ነጋዴ ስታልፍ ለምነው አስቆሟት።

«እዚህ የምታውቂው ሰው አለ?» አላት ተሻገር።

«አንድም አላውቅ፤ ለማወቅም አልቸኩል። አህያዬ እንደተጫነች ናት» አለች። ጆንያውን አይታም፣ «ድንቹን ቀቅላችሁ አትበሉትም?» ብላ እጇን ሰደደች። የመጀመሪያውን አውጥታ ለደስታ ሰጠችው። ደስታ ወደ ሕዝቡ አዙሮ ጮኸ፦

«አራት!»

ማንም ኪሱን አልዳበሰም። ማንም ቲኬት አላወጣም። ግን ከዋርካው ሥር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ፣ ከወንዱም ከሴቱም፣ «እህህ…» የሚል አንድ ረዥም ትንፋሽ ወጣ፤ ቁጥሩ በአራት የማይጀምር ሰው ሁሉ ትንፋሽ። መሪጌታ ቀለመ ወርቅም ተነፈሱ፤ ወዲያው የጸሎት እንዲመስል አማተቡ።

ተሻገር ቀና ብሎ ሕዝቡን አየ። ከቅበላ ጀምሮ እጁን ሲጠብቁት የነበሩት ዓይኖች ሁሉ ድንቹ ላይ ናቸው። እሱን የሚያየው የለም። ሁለት እጁን ከፊቱ አውጥቶ ዘረጋቸው፣ አገላበጣቸው፤ አሁንም የሚያየው የለም። እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

«ዜሮ!» አለ ደስታ።

ጥቂት ሰዎች ብቻ ተነፈሱ። እሱባለው በጥፊ ጭኑን መታ። ሴትዮዋ ሁለተኛውን ድንች ወደ ጆንያው መልሳ ሦስተኛውን ስትፈልግ ጊደሯ ሪባኗን ስታኝክ ይሰማ ነበር።

«ዘጠኝ! አራት መቶ ዘጠኝ!»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አያሌው፣ ከፊት ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ፣ ባርኔጣውን ቀስ ብሎ አወለቀ፤ ከውስጡ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ፈታው፣ ፍየል በላችው ያለውን ቲኬት ለተሻገር ዘረጋለት። አልተጨማደደም እንኳ።